ከመኪናው ማን ቀድሞ ይውረድ

ኮምፒዩተር ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣችው በማዳበሪያ መኪና ነው። ይህን የምለው ላቃልላት ብዬ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ በጆንያዎች መካከል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ተኝታ ነው የመጣችው። ስትወርድ አራት ሰው ተሸከማት። አንድ ሰው ይበቃት ነበር፤ ሦስቱ የተሸከሙት ክብሩን ነው።

ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ የማትሪክ ውጤቴን ግን እናቴም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ስለዚህ ነገሩን ከመሐሉ ብጀምረው፣ ወይም ያልኩትን ብደግመው፣ ታገሡኝ። ወንድሜ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ አውርቶላችሁ እናንተም ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቁ ነበር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። እሱ ደግሞ አሁን የለም።

ወንድሜ ገመቹ በደርግ ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ተቆጣጣሪ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ያከፋፍላል። አራት መጋዘን አለው፤ እዚሁ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡና ኪራሙ። በየወሩ በእያንዳንዱ መጋዘን ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ብሎ የሚያስታርቀው ገመቹ ነው። ለዚህ ደግሞ በየወሩ መኪና ላይ መውጣት አለበት። መኪና ስል ጋቢና እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከላይ፣ ጭነቱ ላይ ነው። ጋቢናውን ሁልጊዜ ወይ የአንድ ባለሥልጣን ሚስት ወይ የአንድ ባለሥልጣን ዶሮ ቀድማ ይዛዋለች።

እንዲህ ሲንገላታ ኖሮ ኩላሊቱን ታመመ። ሐኪሙ መርምረው፣ መድኃኒት ጽፈው፣ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማያድነው፣ ከመኪና መውረድ እንዳለበት ነገሩት። ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ቤታችን ገብቶ ለእናታችን ሲነግራት እንደ ቀልድ አድርጎ ነው። ሐኪሙስ ውረድ ብሎኛል፣ የሚያቆምልኝ ሹፌር ነው ያጣሁት አላት። እሷ አልሳቀችም። እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ እሷ ስታየኝ ተውኩት።

ስለዚህ ኮምፒዩተሯ ስትመጣ ሌላው ሰው ሥልጣኔ ገባ ብሎ ሲደሰት፣ እኛ ቤት የተደሰትነው ለገመቹ ወገብ ነው። መጋዘኖቹ ወረቀታቸውን ይልካሉ፤ ገመቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማሽኗ ውስጥ ያስገባል፤ ማሽኗ ታስታርቃለች። አለቀ። እናቴ ማሽኗን ሳታያት ትጸልይላት ጀመር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አብሯት የመጣ ኤክስፐርት ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገር ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ፕሮግራሙን ስስና ጥቁር በሆነ አራት ማዕዘን ነገር ላይ ይዞት መጥቶ፣ ማንም እንዳይነካው እያለ በሁለት ጣቱ ያሳየን ነበር። ምክሩ አጭር ነው። ማሽኗ ችግር የለባትም፣ የሚያስቸግረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ቡድን አቋቁሙ አለን። ሥራውን የሚያውቅ ይኑርበት፤ የመወሰን ሥልጣን ያለው ይኑርበት፤ ታይፕ የሚችል፣ ከሰው የሚግባባ፣ የተጠቃሚውም ተወካይ ይኑርበት። ከአምስት ሰው እንዳይበልጥ። ክረምቱ ሳይገባ እመለሳለሁ፤ የአራቱም መጋዘን ሪፖርት ከማሽኗ ወጥቶ ካልጠበቀኝ አንስቼ ለጅማ ቅርንጫፍ ነው የምሰጣት አለ። ይህን ብሎ ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

ገመቹ ቡድኑን የዚያኑ ቀን ምሳ ላይ በጣቶቹ ቆጥሮ ጨረሰው። እሱ ራሱ፣ ሂሳብ ሹሙና አንድ ታይፒስት። ሦስት ሰው ቡድን እንደማይባል ግን በማግስቱ የሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተማርን።

ስብሰባውን የሚመሩት ጓድ ሥዩም ናቸው፤ የአስተዳደር ኃላፊም የፓርቲው ተጠሪም። ረጅም ናቸው፤ ካኪ ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም፤ በደረት ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ። «የመወሰን ሥልጣን ያለው» የሚለው ሲነበብ ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። እሳቸውም ግራ ቀኙን አይተው ሌላ ሰው ስላጡ ተቀበሉት። ከሰው የሚግባባ ሲባል አዴ ጫልቱ ተጠቆሙ። አዴ ጫልቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የነቀምቴን ሰው ከነአያቱ ያውቁታል። በዕለቱ ለቅሶ ሄደው ስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ በእኛ አገር ከስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ ያለ ተቃውሞ ነው የሚመረጠው። ታይፒስት እኔ ሆንኩ። ያን ጊዜ በኮንትራት ነበርኩ፤ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። የገመቹ ወንድም ነው፣ ዝምድና ነው የሚል አስተያየት መጥቶ ነበር። ሆኖም ሌላዋ ታይፒስት ማሽኗ ፀጉር ታረግፋለች ብላ ስለሸሸች፣ ፀጉሬ ለአብዮቱ ተፈቀደ።

የቀረው የተጠቃሚው ተወካይ ነው። እዚህ ላይ ገመቹ ተነሥቶ፣ ተጠቃሚ ማለት በየመጋዘኑ ያሉት ንብረት ጠባቂዎች ናቸው፣ ከእነሱ አንዱ ይግባ አለ። ጓድ ሥዩም እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ጓድ ገመቹ፣ የዚህ መሥሪያ ቤት ተጠቃሚ ሰፊው ገበሬ ነው። ንብረት ጠባቂ እንዴት ይጠቀማል? ከተጠቀመማ ይታሰራል።»

ጭብጨባ ሆነ። እንደዚህ ሆኖ ኦቦ ዲንሳ ወደ ኮምፒዩተር ቡድን ገቡ። ኦቦ ዲንሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ባለ ቡልኮ፣ ከዘራቸው ከእኔ ትረዝማለች። አምስት ሰው ስለሞላ ሂሳብ ሹሙ ቀረ። የሂሳብ ማሽን ቡድን ያለ ሂሳብ ሹም ተቋቋመና ቃለ ጉባኤው ተፈረመ።

ኦቦ ዲንሳ ማሽኗን ሊያዩ መጥተው ዙሪያዋን ዞሩና ገመቹን በኦሮምኛ ጠየቁት። ይህች ማዳበሪያ ታመጣለች? አታመጣም፣ ያለውን ትቆጥራለች አላቸው። የሌለውንስ? እሱንም ትናገራለች። ኦቦ ዲንሳ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። «የሌለውንማ እኛም አሳምረን ቆጥረነዋል» አሉ። ጓድ ሥዩም ኦሮምኛ እንደማይሰሙ ሆነው መስኮት መስኮቱን አዩ። ይሰማሉ። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው።

አሁን ወደ መከራው ልግባ። ፕሮግራሙ መነሻ ቁጥር ይፈልጋል። መነሻ ቁጥር ማለት ቡድኑ በየመጋዘኑ ሄዶ ያለውን ዕቃ በዓይኑ ቆጥሮ ሲመጣ ነው። ለእናታችን ይህን የማስረዳው እኔ ሆንኩ። አዳምጣኝ፣ አዳምጣኝ፣ «እሱ ከመኪና እንዲወርድ መጀመሪያ አምስት ሆናችሁ መውጣት አለባችሁ?» አለች። ስታስቡት ልክ ነው። እኛ ግን ቃለ ጉባኤ ፈርመናል።

የነቀምቴው እዚሁ ስለሆነ፣ በመኪና መጀመሪያ ጊምቢ ሄድን። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ጓድ ሥዩም በካኪ ኮታቸው ቀድመው ወረዱ። ቀጥለው ኦቦ ዲንሳ ከዘራቸውን እየወዘወዙ። ከዚያ አዴ ጫልቱ ፋይል ታቅፈው፣ እኔ የታይፕ ሣጥን ተሸክሜ፣ ገመቹ በመጨረሻ ወገቡን ይዞ። ንብረት ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን። በትሕትና እጅ ነሣ፤ ቁልፉን ላምጣ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ጠበቅን። ምሳ ሰዓት ሆነ። ጓድ ሥዩም የቁልፉን አያያዝ በተመለከተ ማስታወሻ ያዙ። በኋላ አዴ ጫልቱ ቤቱን ጠይቀው ሄዱ። ለካ ሰውየው ብርድ ልብሱንና የጥርስ መፋቂያውን ጠቅልሎ ልጆቹን እየሳመ ኖሯል። ሚስቱ ስንቅ ትቋጥራለች። ካድሬ፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ፋይል የያዘች ሴት፣ ታይፕ የተሸከመ ልጅ፤ እንግዲህ ምን ሊመስለው ኖሯል? አዴ ጫልቱ ምለው፣ ተገዝተው ይዘውት መጡ። ቆጠራው ሲካሄድ ሰውየው ብርድ ልብሱን ከብብቱ አላወጣም። ጆንያ አሳየን ስንለው በአንድ እጁ ያሳየናል። ሲሸኘን ሁሉ፣ መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ አልዘረጋውም መሰለኝ።

ገመቹ በመልሱ ጉዞ ሲያስብ ቆየ። ወደ ሻምቡ በሄድን ጊዜ ከተማው ሳንደርስ መኪናውን አስቆመና ዞር ብሎ፣ «ጓድ ሥዩም፣ ቡድኑ ትክክል ነው። ያልተስተካከለው አወራረዱ ነው» አላቸው።

ማን ቀድሞ ይውረድ የሚለው አጀንዳ ሆነ። ገመቹ ያቀረበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ አዴ ጫልቱ፣ ፋይሉን መኪና ውስጥ ትተው። የሰውየውን ልጆች፣ ከብቶች፣ እናት አባት ጠይቀው እስኪጨርሱ ማንም አይንቀሳቀስም። ቀጥለው ኦቦ ዲንሳ፣ ለምርቃት። ከዚያ እኔና ገመቹ። ጓድ ሥዩም መጨረሻ፣ ሰውየው አንድ ጊዜ ከሳቀ በኋላ።

«እኔ መጨረሻ?» አሉ ጓድ ሥዩም።

«እርስዎ ከባድ መሣሪያ ነዎት። ከባድ መሣሪያ ከኋላ ነው የሚሆነው።»

ጓድ ሥዩም አሰቡበት። ኮታቸውን ሳብ አድርገው ተስማሙ።

ሻምቡ እንደታሰበው ሆነ። አዴ ጫልቱ ወርደው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ጀመሩ። ሻምቡ ውስጥ የማያውቁት ሰው የለም ለካ፤ ንብረት ጠባቂው በአክስቱ በኩል የሆነ ዘመዳቸው ሆኖ ተገኘ። ኦቦ ዲንሳ ወርደው መረቁ። ሰውየው ግን ቁም ነገረኛ ነው፣ አይስቅም። ጓድ ሥዩም መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አሁን ልውረድ?» ይላሉ። ገመቹ በእጁ ትንሽ ይቆዩ ይላቸዋል። መስኮቱ ይዘጋል። ጋዜጣቸውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበቡት። ፀሐዩ መኪናው ላይ ወጣ። የንብረት ጠባቂው ሚስት አይታ አይታ አንጀቷ አልችል አላት፤ ቆሎና ውኃ ይዛላቸው ሄዳ፣ «አይዞዎት፣ ሆስፒታል ሊደርሱ ነው» አለቻቸው። በሽተኛ መስለዋት ነው። ይህን ሰምቶ ነው ሰውየው መጀመሪያ የሳቀው፤ ያኔ ጓድ ሥዩም ወረዱ።

በሽተኛው ግን መጋዘን ውስጥ ነበር። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጆንያ ይቆጥራል። እኔ እየጻፍኩ አየሁት። ሳየው ያየኛል፤ ሲያየኝ ወገቡን ይለቀዋል።

ኪራሙ የመጨረሻው ነው። ዝናብ ቀድሞን ስለነበር መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ጓድ ሥዩም ጫማቸውን አውልቀው ገፉ፤ ኦቦ ዲንሳ በከዘራቸው ትእዛዝ ሰጡ። ገመቹን አትገፋም ብለን አዴ ጫልቱ ጠባቂ ተደረጉበት። ዘወር ሲሉ ከኋላ ሲገፋ ተገኘና የተቆጡትን ቁጣ ኪራሙ ድረስ ሰምተነዋል።

የኪራሙ ንብረት ጠባቂ ጋሽ ይመር ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰው ናቸው። አወራረዳችን ስለተስተካከለ አልፈሩንም፤ እንዲያውም በግ አረዱልን። ጭቅጭቁ የመጣው ከበጉ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ዕቃ አንድ መጠሪያ ብቻ ነው የሚቀበለው። ጊምቢ ላይ ቆቶ ብለው ያስመዘገቡት፣ ሻምቡ ላይ መጥረቢያ የተባለው፣ ኪራሙ ላይ ምሳር ነው። ማሽኗ ሦስት የተለያየ ዕቃ ይመስላታል። ስለዚህ ሁሉም ይቅርና ዕቃው ቁጥር ይሰጠው አለ ገመቹ። ጋሽ ይመር ተቆጡ።

«ስም እያለው ለምን በቁጥር ይጠራል? ታሰረ እንዴ?»

ጓድ ሥዩም መወሰን የሳቸው ፋንታ ስለሆነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግን የሚወስኑት ጠፋባቸው። ያን ጊዜ ኦቦ ዲንሳ በአማርኛ ነገሩን ያዙት። የሕዝቡ ተወካይ ተብለው ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነው።

«ይመር፣ ስማኝ ወንድሜ። የእኛም ልጆች ቤት አንድ ስም አላቸው፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሌላ ስም ይጽፉላቸዋል። ቤት ሲመለሱ እናታቸው በዱሮው ትጠራቸዋለች። አሁን ምሳርህ ትምህርት ቤት ገባ በለው። ማታ ስትቆልፍበት በስሙ ጥራው።»

ጓድ ሥዩም ሳላቸው መጣ። አዴ ጫልቱ መሬት መሬቱን አዩ፤ እሳቸውም ትምህርት ቤት ሌላ ስም ነበራቸው። ጋሽ ይመር፣ እንደሱ ከሆነስ ይሁን አሉ። ምሳሩ ቁጥር ተሰጠው።

ስንመለስ ያለውን መንገድ ምን ብዬ ልጻፈው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ገመቹ ከኋላ ጋደም ብሎ፣ ራሱን አዴ ጫልቱ አጣጥፈው ያስቀመጡለት ጋቢ ላይ አድርጓል። ጓድ ሥዩም ባዶ እግራቸውን ጭቃ እንደለበሱ፣ ሳይጠየቁ፣ በልጅነታቸው ደቦ ሲሄዱ የሚዘፍኑትን ዘፈን አወጡ። በኦሮምኛ ነው። ኦቦ ዲንሳ ተቀበሉ። ገመቹ ወገቡን ይዞ፣ እባካችሁ አታስቁኝ፣ ያመኛል እያለ ይስቃል። እኔ እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም። እንደዚያም ያለ ቡድን አላየሁም። አንዳቸውም ስለ ኮምፒዩተር ምንም አያውቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ጣት ሥራ ነው። አቧራ ጠላቷ ነው ስለተባለ አዴ ጫልቱ ማንንም በጫማ አያስገቡም፤ የመሥሪያ ቤቱ የካልሲ ይዞታ ያን ጊዜ ነው ለሕዝብ የተገለጸው። መብራት በሄደ ቁጥር ያስገባሁት አብሮ ይሄዳል። እናቴ ደግሞ ጸሎቷን ወደ መብራት ኃይል አዛወረችው። ኤክስፐርቱ ሲመለስ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ማተሚያዋ እንደ ታመመች ድመት እየጮኸች ወረቀቱን አወጣችው፤ አራቱም መጋዘን፣ ሁሉም ታርቆ። ኤክስፐርቱ አገላብጦ አየና ሰዓቱን ማየት ረሳ። ማሽኗ ነቀምቴ ቀረች።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ለማሽኗ አንድ ቋሚ ሠራተኛ ተፈቅዷል፤ ማን ይሁን አለ ኤክስፐርቱ። ይህ ጥያቄ አልነበረም። ጓድ ሥዩም የገመቹን ስም መጻፍ ጀምረው ነበር። እኔም ወንበሩን ለቅቄለት ተነሣሁ።

ገመቹ፣ «ወንድሜ ይሁን» አለ።

እኔ በኦሮምኛ፣ ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው ወይ አልኩት።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የእኔ ሥራ ቋሚ ነው» አለኝ። «ያንተ ሰኔ ላይ ያልቃል። ከሰኔ በኋላ ወዴት ትሄዳለህ?»

ወዴት እንደምሄድ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ቀበሌዎች ሥራ የሌለውን ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ይመለምሉ ነበር። ከሰፈራችን የሄዱትን ልጆች ስም እናቴ በጸሎት ነበር የምታነሣው። የተመለሰ አልነበረም። ጓድ ሥዩም እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ እንዳቆሙ ቀሩ። ገመቹ ሰው ማስጨነቅ አይወድም፤ ወዲያው ወደ ኤክስፐርቱ ዞሮ፣ «የዚህን ልጅ የእጅ ጽሑፍ አላዩትም። ያለ ማሽን ማን ያነበዋል?» አለ። ሁሉም ሳቀ። በጭብጨባ አለፈ። ጓድ ሥዩም የጀመሩትን ስም ሠርዘው የእኔን ጻፉ፤ ቀና ብለው ግን ማንንም አላዩም።

ገመቹ ጉዞውን ቀጠለ። መጋዘኖቹ ወረቀት በወቅቱ መላክ አልለመዱምና አንድ ሰው ሄዶ ማምጣት ነበረበት። ይዞልኝ ይመጣል፤ አቧራውን በር ላይ አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከኋላዬ ቆሞ ሳስገባ ያየኛል። ተቀመጥ እለዋለሁ። መኪና ላይ ስቀመጥ ነው የመጣሁት፣ ልቁም ይለኛል። ደርግ ወደቀ፤ ጓድ የሚለው ቃል ቀረ፤ መኪናው አልቀረም። ገመቹ ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም። ከሻምቡም ከኪራሙም ለቅሶ መጡ፤ የጊምቢው ሰውዬ ማንም ሳይጠራው መቃብር ሲቆፍር ዋለ።

ባለፈው ሳምንት ለጊምቢም ማሽን ተፈቀደ። ቡድን አቋቁም የተባልኩት እኔ ነኝ። ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሙያ፣ ስለ ተወካይ የሚያትት መመሪያ ተሰጥቶኝ ነበር። ሠራተኛው ተሰበሰበ። ንግግር አይሆንልኝም፤ መመሪያውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ በመጀመሪያ መኪና የሚያመው ሰው ካለ፣ ወንበሩ ለእሱ ነውና እጁን ያውጣ አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። ሹፌሩ ሳይቀር። ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እንደተንጠለጠሉ ያሉትን እጆች አየኋቸው። ገመቹ ከመካከላቸው ቢቀመጥ ኖሮ፣ እጁን የማያወጣው እሱ ብቻ ነበር።